«ቆይ፣ በኋላ እነግርሻለሁ»

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ሴት ነኝ። የምሠራው አዲስ አበባ፣ በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ነው። በልጅነቴ ማጅራት ገትር ታምሜ መስማት አቆምኩ። ከዚያ በፊት አፌን ፈትቼ ስለነበር እስካሁን እናገራለሁ። ስናገር የሰማኝ ሰው ግን አለመስማቴን ይረሳል። እናቴ ራሷ «ስትፈልጊማ ትሰሚያለሽ» ትለኛለች።

ለፋሲካ ቤተሰብ ጋ ስሄድ ቤቱ ይሞላል። ቡና ይፈላል፣ ጨዋታው ይደራል። ድንገት ሁሉም በሳቅ ይፈርሳሉ። ታናሽ እህቴን «ምን ተባለ?» እላታለሁ። «ቆይ፣ በኋላ እነግርሻለሁ» ትላለች። አትነግረኝም። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ማታ ራሴን እያመመኝ እተኛለሁ። በምልክት ቋንቋ ላወራቸው ስሞክር ደግሞ እናቴ «ሰው ፊት እጅሽን አታወናጭፊ» ትላለች።

በቅርቡ ክሊኒክ ስንሄድ ሐኪሙ እኔን ትቶ እህቴን «ምኗን ነው የሚያማት?» አላት። የሴት ጉዳይ ነበር፤ እሷ ፊት ማውራት አልፈለግኩም። ሳልናገረው ወጣሁ።

ዘንድሮ ለበዓል አልሄድም ብያለሁ። እናቴ አኩርፋለች። አጥፍቻለሁ?

ስሜ ይቆይ

መልስ፦
አላጠፋሽም፣ እህቴ። ደክሞሻል። ድካምሽም ምክንያት አለው።

ሰው ከንፈር ማንበብ እንደ መስማት ይመስለዋል። «በራ» እና «መራ» ከንፈር ላይ አንድ ናቸው። ቀ፣ ከ እና ገ ወደ ጉሮሮ ስለሚጠጉ ጭራሽ አይታዩም። የቀረውን የምትሞዪው በግምት ነው። በዚያ ላይ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች፣ ሌላው ዳቦ እያኘከ ያወራል፣ ተናጋሪውን ፈልገሽ ስታገኚው ወሬው ወደ ሌላ ሰው ሄዷል። ራስሽን ባያምሽ ነበር የሚገርመኝ።

እናትሽ በእጅሽ ማውራትን የምትከለክልሽ ሰው እንዳይስቅብሽ ሰግታ ይሆናል። ስጋቷ ይገባኛል፤ ክልከላው ግን ልክ አይደለም። የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። ቤተሰብሽ ቢያንስ የጣት ፊደል ይማር። ለእያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው፣ ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ፊደል የቆጠረች ታናሽ እህት ከተለማመደች አያቅታትም።

ከበዓሉ በፊት ጻፊላቸው። በቃል ካልሽው «ትሰማለች» ወደሚለው ይመለሳሉ። «ምን ተባለ?» ስትዪ በአንድ ቃልም ቢሆን ያኔውኑ ይመለስልሽ። አጠገብሽ የሚቀመጥ ሰው በየተራ ይሁን፤ ሁሌ እህትሽ ላይ አይውደቅ። ከመስኮት ወይም ከመብራት ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ፊቱ በደንብ ይታይሻል፤ ቦታውን አንቺ ምረጪ። ሳይገባሽ መሳቁን ደግሞ ተዪው። እየሳቅሽ ካዩሽ ሁሉም ነገር የገባሽ ይመስላቸዋል።

የክሊኒኩ ነገር አናዶኛል። ታካሚዋ አንቺ ነሽ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የጤና መረጃሽ ምስጢር እንዲጠበቅ ይጠይቃል። ሕመሙን ግን ይዘሽው አትቀመጪ። የሚያምሽንና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ቤትሽ ጽፈሽ ሂጂ። ከወረቀቱ አናት ላይ «አልሰማም። እኔን እያዩ ቀስ ብለው ይናገሩ ወይም ይጻፉልኝ» ብለሽ ጻፊ። አስተርጓሚ ከፈለግሽ የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርን ጠይቂ። በዚህ ጉዳይ እህትሽ ውጭ ትጠብቅሽ።

ደብዳቤሽን አንብበው ለመሞከር ፈቃደኛ ከሆኑ ለበዓሉ ሂጂ፤ ሲደክምሽ ግን ተነስተሽ ማረፍ መብትሽ ነው። ካልሆነ ዘንድሮን በምልክት ከምታወሪያቸው ጓደኞችሽ ጋር አሳልፊ። እናትሽን በማግስቱ ሄደሽ ለብቻዋ ጠይቂያት፤ ሁለት ሰው ሲሆን ወሬው አያመልጥሽም። ለእህትሽ ግን ዛሬውኑ ጻፊላት። ከሁሉም ቀድማ የምትረዳሽ እሷ ትመስለኛለች።