«ሃይፖ» እና «ሃይፐር»፦ እናቴ ካርድ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ስኳርም ደም ግፊትም አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። ካርዷ ላይ «ሃይፖግላይሴሚያ» እና «ሃይፐርቴንሽን» ተብሎ ተጽፏል። እኛ ሁለቱንም «ከፍ አለ» ማለት መስሎናል። አንዳንዴ ላብ ያጠምቃታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ ስኳሯ ጨምሮ ነው ብለን ሻይዋን ያለ ስኳር እንሰጣታለን። ልክ ነን? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ አይደላችሁም። ሻዩ ስኳር የሚያስፈልገው እንዲያውም ያኔ ነው።

ሁለቱም ቅጥያዎች ግሪክኛ ናቸው፤ ድምፃቸው ይቀራረባል እንጂ ትርጉማቸው ተቃራኒ ነው። «ሃይፖ» ከሥር፣ ከታች ማለት ነው፤ «ሃይፐር» ደግሞ ከላይ፣ ከልክ በላይ። «ግሊኪስ» ጣፋጭ፣ «ሃይማ» ደም ነው። ስለዚህ ሃይፖግላይሴሚያ የደም ስኳር ከልኩ በታች መውረዱ ነው። በሃይፐርቴንሽን ውስጥ ያለው «ቴንሽን» ከላቲን የመጣ ሲሆን መወጠር ማለት ነው፤ ግፊቱ በዝቷል ለማለት ነው። እናትዎ ስኳራቸው የሚወርድ፣ ግፊታቸው ከፍ ያለ ነው፤ ሁለቱ አይጣሉም። (በረኪና ዕቃ ላይ «ሃይፖክሎራይት» የሚለውን አይታችሁ ይሆናል። እሱም ያው «ሃይፖ» ነው፤ ክሎራይት ከሚባለው ያነሰ ኦክስጅን ስላለው።)

አሁን ወደ ላቡ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ መነጫነጭና ግራ መጋባት የወረደ ስኳር ምልክቶች ናቸው። ከፍ ሲል ግን ብዙ ጊዜ ውኃ ጥማትና ሽንት ማብዛት ነው የሚታየው። መለኪያ ካለ ይለኩ፤ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ወርዷል። መለኪያ ከሌለ እንደወረደ ቆጥረው ስኳር ይስጧቸው። ከፍ ብሎ ከነበረ ያቺ ስኳር ብዙም አትጎዳም፤ ወርዶ ሳለ መከልከል ግን አንጎልን ይጎዳል።

በግማሽ ብርጭቆ ውኃ ያልተቆለለ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጠው ያጠጧቸው፤ 15 ግራም ገደማ ይሆናል። ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳም ይሆናል፣ ስኳር የሌለው ዓይነት እንዳይሆን ብቻ። 15 ደቂቃ ቆይተው ይለኩ፤ ካልተነሳ ይድገሙ። እንጀራና ዳቦ ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀስ ብለው ስለሚፈጩ ለመጀመሪያው ዕርዳታ አይደርሱም። ራሳቸውን ከሳቱ ግን ማርም ቢሆን አፋቸው ውስጥ አይጨምሩ፣ ያንቃቸዋል። በጎናቸው አስተኝተው ቶሎ ሆስፒታል ያድርሷቸው፤ እዚያ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጣቸዋል።

የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ኢንሱሊን ተወግቶ ምግብ ሲዘገይ፣ መጠኑ ሲሳሳት ወይም ከወትሮው በላይ ሲኬድ ነው። የደሴን ዳገት ከገበያ ዕቃ ይዞ መውጣት ቀላል ሥራ አይደለም። ጾምም እንዲሁ፤ የረመዳንም ይሁን የሁዳዴ፣ ከመግባቱ በፊት የኢንሱሊኑን ሰዓትና መጠን ከሐኪም ጋር ማስተካከል ያስፈልጋል። በጾሙ መካከል ከ70 በታች ከወረደ ጾሙን ይፍቱ።

የግፊት መድኃኒታቸውንም ስም ይመልከቱ። አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል ከሆነ መንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ሊደብቅ ይችላል፤ ላቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይደበቅም። ስለዚህ ላብ ብቻ ቢታይም ችላ አይበሉ፤ መድኃኒቱን ግን በራስዎ አያቋርጡ።

ላቡ የመጣበትን ሰዓት፣ የተበላውንና የተወጋውን መጠን ጽፈው ለሐኪሙ ያሳዩ። በሳምንት ከአንዴ በላይ ከተደጋገመ ቀጠሮውን አይጠብቁ።