በጾም ወራት ለተራበ ሰው ሥጋ ማቅረብ ጾም ያስፈታል?

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልዎ። የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂንያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ የፕሮቴስታንቶች ጸሎት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ባለ የምገባ ማዕከል፣ እዚህ «ሱፕ ኪችን» በሚሉት፣ በነፃ አገለግላለሁ። ዘንድሮ ለታንክስጊቪንግ፣ ለአሜሪካኖች የምስጋና በዓል፣ ተርኪ (የቱርክ ዶሮ የሚሉትን ትልቅ ወፍ) የሚጠብሱትና የሚያድሉት ላይ ተመደብኩ፤ ያ ሳምንት ደግሞ ጾመ ነቢያት የሚገባበት ነው። ሥጋ ስነካ፣ ጨው ስቀምስ፣ ከእነርሱ ጋር ለጸሎት ስቆም ጾሜን እንዳላፈርስ ፈራሁ። ልተወው ወይስ ልቀጥል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን። አትተዪው፣ ቀጥዪ።

ጾም የታዘዘው ለሚጾመው ሰው ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ሲገባ (በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24፣ አንዳንድ ዓመት 25) አንቺ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ትከለከያለሽ፤ ከቅዳሜና ከእሑድ በቀር እስከ ዘጠኝ ሰዓትም ትቆያለሽ። በሰልፉ የቆመው ሰው ግን ይህን ሥርዓት አልተቀበለም፤ ትናንት ማታ ይብላ አይብላም አታውቂም። ጾሙ የታወጀው በአንቺ አፍ ላይ ነው እንጂ በእሱ ሳህን ላይ አይደለም። ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲናገር «እንጀራህን ለተራበ ትቈርስ ዘንድ» ይላል። ፍትሐ ነገሥትም ጸሎትን በአንቀጽ 14፣ ጾምን በ15፣ ምጽዋትን በ16 አከታትሎ ነው ያስቀመጠው። ደግሞ ጥቅምት 17 ቀን ሢመቱን የምናከብርለት ቅዱስ እስጢፋኖስ መጀመሪያ የተሾመው ለምን እንደሆነ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አንብቢ፤ ማዕድ ለማገልገል ነው። ለዚያ ሥራ የተፈለጉት ሰዎች መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው እንዲሆኑ ታዟል። ስለዚህ ጭልፋ መያዝን እንደ ትንሽ ነገር አትይው።

መቅመሱ ግን ሌላ ነው። እየጾምሽ የሥጋውን መረቅ አትቅመሺ፤ ከቅዳሜና ከእሑድ ውጭ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ከሆነ የጾሙንም ወጥ ቢሆን አትቅመሺ። እናቶቻችን በጾም ሲሠሩ ወይ አሽትተው ይለዩታል ወይ ለማይጾም ልጅ ያስቀምሱታል። አንቺም አጠገብሽ ላለው ሰው «ጨውን አንተ ቅመስልኝ» በይው፤ ማንም አይከፋውም። የተርኪው መብሰል ደግሞ በመቅመስ አይታወቅም፣ በቴርሞሜትር ነው። ከአጥንቱ ሳይነካ በወፍራሙ የጭን ሥጋ ውስጥ ተሰክቶ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሳየት አለበት። የአሳማ ሥጋ ከመጣ በጓንት ይነካል፣ እጅ ይታጠባል፣ አለቀ፤ ኅሊናሽን ከከበደው ግን አስተባባሪዋን ዳቦ ወይም ዕቃ አጠባ ላይ እንድታደርግሽ ለምኛት። ይህን ፈረቃው ከመድረሱ በፊት ተናገሪ። ሰልፉ ከተጀመረ በኋላ «ይህን አልነካም» ማለት ሥራውንም ሰዉንም ያውካል።

ጸሎቱን በተመለከተ፣ ሌሎች ሲጸልዩ በአክብሮት ቆመሽ በልብሽ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ። አብሮ መዘመርና ማኅበረ ጸሎታቸውን መካፈል የእኛ ሥርዓት አይፈቅድም፤ ጥሎ መውጣትም ወይም ፊት ማጥቆር ግን አያስፈልግም። ማዕተብሽን ወደ ልብስሽ ውስጥ አስገቢው። ነጠላውን ተዪው፤ ጫፉ እሳት ይይዛል፣ ድስትም ውስጥ ይገባል። ሻሽ ይበቃል።

አሁን ወደ ድስቱ ልምጣ። የእኛ ሰው ሊያበረክት የሚችለው ትልቁ ነገር የጾም ምግብ ነው ብዬ አምናለሁ። ተርኪው እንዳለ ሆኖ አንድ ድስት የምስር ሾርባ ይጨመር ብለሽ ጠይቂ፤ ሥጋ የማይበላም ጥርስ የሌለውም ይጠቀምበታል። ቤትሽ ሠርተሽ አትውሰጂ፤ ብዙዎቹ ማዕከላት ከመኖሪያ ቤት የመጣ ወጥ አይቀበሉም፣ እንዴት እንደተሠራ አያውቁምና። እዚያው ሥሪው። ለመቶ ሰው የተከካ ቀይ ምስር 6 ኪሎ፣ ውኃ 30 ሊትር፣ ሽንኩርት 4 ኪሎ፣ ዘይት 1 ሊትር፣ ነጭ ሽንኩርት 300 ግራም፣ እርድና ዝንጅብል ይበቃል። ጨው በ200 ግራም ጀምሪና መጨረሻ ላይ ሌላ ሰው እየቀመሰ እስከ 300 አድርሺው። በርበሬ አትጨምሪበት፤ ከሰልፉ ጨጓራው የተጎዳ ሰው አይጠፋም፤ የሚወድ ካለ ለብቻው በትንሽ ዕቃ ይቅረብ።

ውኃውን አስቀድመሽ አፍዪው፤ 30 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ከሽንኩርቱ በኋላ ከተጨመረ እስኪፈላ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊያስጠብቅሽ ይችላል። ምስሩ መፍረስ ሲጀምር ወደ ሥር ይቀመጣልና ያርራል፤ ትልቅ ድስት የሚቃጠለው ሁልጊዜ ከሥሩ ነው። አፉ ሰፊ በሆነ የእንጨት ማማሰያ በየሁለት ደቂቃው የድስቱን ወለል እየነካሽ አማስዪ። የማረር ሽታ ከመጣ ሥሩን አትፋቂው፤ ፈጥነሽ የላይኛውን ወደ ሌላ ድስት ገልብጪ፣ ያረረው እዚያው ይቅር። የፋቁት ከሆነ መቶ ሰው የሚጠጣው ሾርባ ሁሉ የጭስ ጣዕም ይይዛል።

እስኪታደል ድረስ ከ60 ዲግሪ በታች አይውረድ። የተረፈውን በድስቱ እንዳለ ክዳን ደፍቶ ማሳደር ትልቁ ስሕተት ነው። በጥራጥሬ ላይ የሚገኝ አንዳንድ ባክቴሪያ ዘሩ ፈልቶም አይሞትም፤ ድስቱ መሐል ላይ ለብ ብሎ ሲያድር ይነቃል፣ አንዳንዱ የሚተፋው መርዝም ነገ ቢፈላ አይጠፋም። ሾርባውን ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ብቻ በሚሞሉ ዝርግ ትሪዎች ገልብጪው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ 21 ዲግሪ፣ በቀጣዩ አራት ሰዓት ወደ 5 ዲግሪ መውረድ አለበት። ካልወረደ ይደፋ። እህል መድፋት ለእኛ እንደ ኃጢአት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ድኻን ማሳመም ግን ይብሳል። አንቺም ያስመለሰሽ ወይም ያስቀመጠሽ ከሆነ ከተሻለሽ በኋላ ሁለት ቀን ሳይሞላ ወጥ ቤቱ አትግቢ።

እሑድ የምትቆርቢ ከሆነ ሰዓቱን አስዪ። የ18 ሰዓቱ ጾም አለ፤ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የምትቀበዪ ከሆነ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ውኃም የለም። በእሳት ዳር ቆመሽ እንዳይደክምሽ የጠዋቱን ፈረቃ ውሰጂ። የቆረብሽበት ቀን አትመዝገቢ፤ ዕረፊ። ይህ አገልግሎት የአሥራት ምትክ እንደማይሆንም ልብ በዪ፤ አሥራት ከገቢሽ ነው። በጾሙ የምትተዪውን የምሳ ዋጋ ግን ቆጥበሽ ለምስሩ መግዣ ብታውዪው ደስ ይለኛል።

ስታድዪ ሳህኑን በሁለት እጅሽ አቅርቢ። ሾርባውን ከጠርዙ ሁለት ጣት አሳንሺው፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ብዙ ነው፣ ሙሉ ሲሆን ያቃጥለዋል፣ ሲፈስበትም ያፍራል። ለምን እንደመጣ አትጠይቂው፣ አትስበኪው፣ «ልጨምር?» በይው። ፎቶ አታንሺ። «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የተባለው እዚህ ላይ ስልክሽንም ይጨምራል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ያልጠየቅሽኝ ነው፣ ግን ይደርስብሻል። ያገርሽን ሰው በሰልፉ ታዪ ይሆናል። ይሉኝታችን ምን ያህል እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ የተራበው ሰው ካንቺ ጋር ዓይን ለዓይን ከመጋጠም ተርቦ መሄድን ይመርጣል። እሱ ካልጀመረ በአማርኛ አታናግሪው፣ ከየት መጣህ አትበይው፣ ከሌላው አስበልጠሽም አትቅጂለት። በማኅበርም ሆነ በሰንበቴ «እገሌን እዚያ አየሁት» የሚል ቃል ካፍሽ አይውጣ። ቀርቦ ዝቅ ባለ ድምፅ «የጾም አለ?» ካለሽ፣ ከምስሩ ቅጂለት።