ጥያቄና መልስ፦ እንቁላል የሚወጣው ሁልጊዜ በ14ኛው ቀን ነው?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 29 ነው። የወር አበባዬ በየ35 ቀኑ ይመጣል። ለማርገዝ ብለን 14ኛውን ቀን እየጠበቅን ሰባት ወር ሞከርን፤ አልሆነም። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ስህተቱ አቆጣጠሩ ላይ ይመስላል። 14ኛው ቀን የሚሠራው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ነው፤ ያውም በግምት። እንቁላል የምትወጣበት ቀን የሚቆጠረው ካለፈው ሳይሆን ከሚመጣው የወር አበባ ወደ ኋላ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። እንቁላሏ ስትወጣ የነበረችበት ከረጢት ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን ማመንጨት ይጀምራል፤ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። ጽንስ ካልተፈጠረ ከረጢቱ ከ12 እስከ 14 ቀን ገደማ ቆይቶ ይከስማል፣ ሆርሞኑ ይወርዳል፣ ሽፋኑም ተልጦ ከደም ጋር ይወጣል። ይህ ጊዜ ብዙም አይለዋወጥም። ዑደትን የሚያስረዝመው ከዚያ በፊት እንቁላሏ እስክትበስል የሚፈጀው ጊዜ ነው።

ስለዚህ ከ35 ላይ 14 ይቀንሱ፦ 21ኛው ቀን አካባቢ። 1 ተብሎ የሚቆጠረው ደም የታየበት የመጀመሪያው ቀን ነው (ደሙ ከቆመ በኋላ መቁጠር የሚጀምሩ ብዙ ናቸው)። እንቁላሏ ቢበዛ 24 ሰዓት ትቆያለች፤ የወንድ ዘር ግን እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ከ16ኛው እስከ 21ኛው ቀን በየሁለት ቀኑ መገናኘት ይበቃል። የማህፀን ፈሳሽዎ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ ጥርት ብሎ ሲለጠጥ ቀኑ ደርሷል። የሰውነት ሙቀት መለካት ግን ካለፈ በኋላ ነው የሚነግርዎት።

በዚህ አቆጣጠር ሞክረው በአጠቃላይ ዓመት ከሞላዎት፣ ከባለቤትዎ ጋር ሆነው የማህፀን ሐኪም ያማክሩ።