ለቤቱ ጤነኛ፣ ለጥናቱ ሕመምተኛ

ጥያቄ፦ «አባታችን 76 ዓመታቸው ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ እናታችን ካረፈች ወዲህ ደሴ ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ሐኪም ዲሜንሺያ የሚባለው የመርሳት ሕመም ነው ካለን ሁለት ዓመት ሆነው። ዘንድሮ ስለ በሽታው የሚያጠኑ ባለሙያዎች መጡና እንዲሳተፉ ጠየቁን፤ ለሦስት ዓመት በየስድስት ወሩ ይጠይቋቸዋል፣ ይፈትኗቸዋል፣ ደምም ይወስዳሉ። እኛ ባንጠቀም ከእኛ በኋላ ያለው ይጠቀማል ብዬ ተስማማሁ። ቅጹ ላይ አባቴ በጣታቸው ፈረሙ፤ ጠቅላላ ውክልና ስላለኝ እኔም ከሥር ፈረምኩ። ኮምቦልቻ ያለው ወንድሜ በቤቱ ነገር ከተኳረፍን ወዲህ አያነጋግረኝም፤ አሁን ግን ‹አባቴን መሞከሪያ አደረግሽው፣ እከስሻለሁ› ብሎ ላከብኝ። ሊከሰኝ ይችላል ወይ? ውክልናዬስ አይበቃም?» ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ አጭሩን ላስቀድም። መክሰስ ይችላል፤ ክስ ማቅረብና መርታት ግን ለየቅል ናቸው። ጥናቱ በምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ታይቶ የጸደቀ ከሆነና አንቺም በቅን ልቦና ያደረግሽው ከሆነ፣ በዚህ ብቻ ካሳ ክፈይ ትባያለሽ ብዬ አላስብም። ውክልናሽ ግን አይበቃም። ሰነዶቹን ሳላይ የምጽፈው ስለሆነ ይህን ሁሉ እንደ መነሻ ያዢው እንጂ እንደ ውሳኔ አትቁጠሪው።

አሁን ወዳልጻፍሽው ልሂድ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፤ አባትሽ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ዕድሜያቸው አለ፣ ሥራቸው አለ፣ ጣታቸው አለ። «እሺ» ይሁን «ተዉኝ» ማለታቸው ግን የለም። መርፌው ሲመጣ ክንዳቸውን ዘረጉ ወይስ ሰበሰቡ? ውክልናው የተሰጠበትን ቀንም አልነገርሽኝም፤ ከሐኪሙ ቃል በፊት ነው ወይስ በኋላ? «በቤቱ ነገር» የምትለዋንማ እሳት እንደረገጠ ሰው ዘለልሻት። እኔ ደግሞ የቆምኩት እዚያችው ላይ ነው።

ስለ ጣቱ ትንሽ ልቆጣሽ። ግምጃ ቤት ኃላፊ የነበሩ ሰው ስንት ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ)፣ ስንት ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ሲፈርሙ ኖረዋል! ያ እጅ ዛሬ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ ካረፈ፣ ዳኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ፊደል የቆጠሩ ሰው ለምን በጣት ፈረሙ?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ጣታቸውን ማን ያዘው?» ይላል። አንቺ ይዘሽው ከሆነ ለጠበቃሽ እንደነበረው ንገሪው፣ አታሳምሪው። የሌላ ሰው እጅ ይዞ ማስፈረም ከፍትሐ ብሔር አልፎ ወደ ወንጀል ሊያመራ የሚችል ነገር ነው።

ደንበኞቼ እየተመላለሱ የሚወድቁበት ጉድጓድ ግን ውክልናው ነው። እስቲ ቀስ ብለን እንየው።

ውክልና ማለት አንድ ሰው ራሱ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ሌላው እንዲያደርግለት የሚሰጠው ሥልጣን ነው። ሰጪው ራሱ ማድረግ ካልቻለ ምኑን ያውሳል? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2232 ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል ይላል። ሰዉ ግን የሚያስበው ልክ በግልባጩ ነው። «አባባ መርሳት ጀመሩ፣ ሳይብስባቸው ውክልና እናሠራ» ይባላል። ሽማግሌው ጋቢ ይደረብላቸዋል፣ ባጃጅ ይጠራል። ውክልና የሚጸድቅበት ቢሮ ደረጃ ላይ ሲደርሱ ልጅ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ «‹ልጄ ናት፣ ወድጄ ነው› ይበሉ እሺ?» እያለች ታስጠናቸዋለች። ያንን ደረጃ ስወጣ ስወርድ ስንቱን ሰምቻለሁ መሰለሽ። አባትሽ ገና ሙሉ ሳሉ የሰጡሽ ውክልና ከሆነ ችሎታ ባጡበት ቀን ዋጋው ሊያበቃ ይችላል። ከሕመሙ በኋላ የሰጡሽ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ከናካቴው ጸንቶ ያውቃል ወይ የሚል ይሆናል።

እዚህ ላይ ለአንቺም የሚጠቅም ነገር አለ። የሐኪም ወረቀት ብቻውን የሰው ችሎታ አይነሳም። ሕመሙ የተገለጠና ሰው ሁሉ የሚያውቀው ካልሆነ፣ ሕጉ የሚመረምረው ውሉ በተፈረመባት ሰዓት የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር ወይ የሚለውን ነው፤ የማስረዳቱም ሸክም አያውቁም ነበር በሚለው ወገን ላይ ነው። የመርሳት ሕመም ደግሞ ይመጣል ይሄዳል፤ ጠዋት ቡናው ላይ አራቱንም ልጆቻቸውን በስም የሚጠሩ አባት ሲመሽ ቤቱ የማን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓትም ዋጋ አለው፤ የዚያን ቀን ማን አብሯችሁ እንደነበረ አስታውሺ።

ጠቅላላ ውክልና ደግሞ በጠቅላላ አነጋገር ከተጻፈ የሚሰጠው ንብረት የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ነው። ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ተለይቶ መጻፍ አለበት። የአባትሽን ገላ ደግሞ የትኛውም ውክልና አይገዛውም።

አሁን የሁለቱን ነገር መገናኛ ተመልከቺ። ጥናቱ ዘንድ «አባቴ መወሰን ስለማይችሉ እኔ ፈረምኩ» ብለሻል። ቤቱ ላይ ደግሞ፣ እየገመትኩ ነው፣ «አባቴ አውቀውና ወደው በሰጡኝ ውክልና ሠራሁ» እያልሽ ነው። ለቤቱ ጤነኛ፣ ለጥናቱ ሕመምተኛ የሆነ አንድ አባት ሊኖርሽ አይችልም። የጥናቱ መዝገብ ቀን አለው፣ ነጥብ አለው፤ ዛሬ ምን ቀን ነው፣ የት ነን፣ ይህን ቃል ድገሙ ሲባሉ ምን እንደመለሱ በቁጥር ሰፍሯል። ምስጢር ነው፤ ግን ወንድምሽ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይቅረብልኝ ማለቱ አይቀርም። አንቺ በበጎ ሐሳብ የገባሽበት ጥናት የቤቱ ክርክር ማስረጃ ይሆናል ማለት ነው። ወንድምሽ ስለ ደሙ የጮኸው ስለ ደሙ ብቻ ይመስልሻል?

አንድ ጉዳይ ልንገርሽ፣ ሰዎቹንም ሰፈሩንም ትቼ። ሦስት ወንድማማቾች ሰነዳቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ታላቅየው በአባቱ ውክልና ሱቅ ሸጧል። ታናሽየው ከፌስታሉ የሆስፒታል ካርድ አወጣ፤ ካርዱ የመጋቢት፣ ውክልናው የግንቦት። ችሎት ላይ ዳኛዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ታላቅየው እያመለከቱ «አባባ፣ ይህ ማነው?» አሏቸው። ሽማግሌው ብዙ ካዩት በኋላ «የጎረቤታችን ልጅ መሰለኝ» አሉ። ገዢው ገንዘቤን ሲል፣ ወንድማማቾቹ ድርሻችንን ሲሉ ያ ነገር ስንት ዓመት ፈጀ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በዚያ ውክልና ምንም አትሥሪ፤ ባንክም ቢሆን፣ ቀበሌም ቢሆን፣ ጠበቃ ሳያየው። ደግሞ ደንግጠሽ እንዳትቀጂው፣ ቀን እንዳትነኪ፣ አጥኚዎቹንም «ያቺን ወረቀት አጥፉልኝ» እንዳትዪ። ይህን ከማድረግ የከፋ ነገር የለም።

ወደ ጥናቱ ልመለስ፤ ይህን በአጭሩ እጨርሰዋለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 20 ማንም ሰው የሕክምና ምርመራን በማንኛውም ጊዜ እንቢ ማለት ይችላል ይላል። አሳዳሪ፣ ማለት በሕግ የተሾመ ጠባቂ፣ ያለው ሰው ሲሆን ለአሳዳሪው የሚተወው ሥልጣን ለዚያ ሰው ጤና የሚበጀውን ምርመራ ወይም ሕክምና ነው። ቃሏን ልብ በዪ፣ ለእሱ ጤና የሚበጀውን። የእናንተ ጥናት ደግሞ ከደብዳቤሽ እንደገባኝ ለአባትሽ መድኃኒት አይሰጥም፤ የሚጠቅመው ነገን ነው። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪሞች የሚገዙበት የሄልሲንኪ መግለጫም መፍቀድ የማይችል ሰው ለራሱ በማይጠቅመው ጥናት የሚገባው አደጋውና እንግልቱ እጅግ አነስተኛ ሲሆን፣ ጥናቱም መፍቀድ በሚችሉ ሰዎች ሊሠራ የማይችል ሲሆን ነው ይላል። ሕጋዊ ወኪሉ ቢፈቅድ እንኳ ሰውየው እንቢታውን ካሳየ ይከበርለታል። እንቢታ ደግሞ በቃል ብቻ አይደለም፤ ክንድ መሰብሰብም እንቢታ ነው። ነገሩ አዲስ መድኃኒት መሞከር ቢሆን ኖሮ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ፈቃድም ያስፈልገው ነበር፤ ለማንኛውም አጥኚዎቹን ጠይቂ።

ጥናቱን እየተቃወምኩ እንዳይመስልሽ። በዓለም ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰው በዚህ ሕመም ይኖራል፤ አብዛኛው ያለው እንደኛ ባሉ አገሮች ነው፣ ጥናቱ ግን የበለጸገው ባለ ሀብቶቹ ዘንድ ነው። የማስታወስ ፈተናውም ትምህርት ቤት ለቆየ ሰው ተሰፍቶ የመጣ ነው፤ ፊደል ያልቆጠሩ የገራዶ እናት ጤነኛ ሆነው ሊወድቁበት ይችላሉ። ወሎ ውስጥ ሰው «ጃጀ» ተብሎ ጥግ ይያዝለታል እንጂ አይጠናም። ስለዚህ ሐሳብሽ ቀና ነው። አንቺ ራስሽ አስታማሚ ሆነሽ ልትሳተፊ ትችይ እንደሆነም ጠይቂያቸው፤ ሌሊት ተነስተው በር ሲከፍቱ የምትከተያቸው አንቺ ነሽና የምትናገሪው አለሽ። ያኔ የምትፈርሚው ስለ ራስሽ ነው፤ ማንም አይከስሽም።

የአባትሽን በተመለከተ እንዲህ አድርጊ። ለአጥኚዎቹ በጽሑፍ «በጣት የተፈረመው ፈቃድ አጠራጣሪ ነው፣ እስኪጣራ ይቁም» ብለሽ አስገቢ፣ ቅጂሽ ላይም የተቀበሉበትን አስፈርሚ። በአማርኛ የተጻፈውን የመረጃ ወረቀት፣ የፈቃዱን ቅጽና የሥነ ምግባር ኮሚቴውን የማጽደቂያ ደብዳቤ ቅጂ ጠይቂ፤ የማጽደቂያው ጊዜ አለማለፉን እዪ። ደሙ የት ይቀመጣል፣ ከአገር ይወጣል ወይ፣ በስማቸው ነው ወይስ በቁጥር? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን በልዩ ጥንቃቄ ከሚያዘው ወገን አድርጎታል፤ ጥያቄሽ ድፍረት አይደለም። ከጥናቱ መውጣትም ምክንያት አይጠየቅበትም፣ ሕክምናቸውንም አያስቀርባቸውም።

ከዚያ በጥናቱ ውስጥ የሌለ ሐኪም፣ ጠዋት፣ አባትሽ ንቁ በሆኑበት ሰዓት ያናግራቸው። የተባሉትን ተረድተው በራሳቸው ቃል መልሰው ከተናገሩና «እሺ» ካሉ ፈቃዱ የእሳቸው ነው፤ የአንቺም የወንድምሽም አይደለም። ካልገባቸው ወይም ካልወደዱ አይሳተፉም፤ በቃ። «እንግዲያስ ፍርድ ቤት ሄጄ ሞግዚት ልሹም» ልትዪ ትችያለሽ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 351 ፍርድ ቤት የታመመው ሰው ጤናና ጥቅም ካስገደደ ያንን ሰው በፍርድ ሊከለክል፣ ማለት በራሱ ስም ሕጋዊ ሥራ እንዳይሠራ ሊያደርገው፣ እንደሚችል ይናገራል። ከባድ ነገር ነው፤ በሕግ ፊት አባትሽን እንደ ልጅ ያደርጋቸዋል። ለጡረታቸው፣ ለንብረታቸው አስፈላጊ ሊሆን ይችላል፣ ለአንድ ጥናት ተብሎ ግን አይገባበትም። ሳትማከሪ ማመልከቻ እንዳታስገቢ።

ወንድምሽ እዚያ ጠዋት ላይ ይገኝ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የሐረጎ ዳገት ነው እንጂ ባሕር አይደለም፤ ወርደሽ ጥሪው። ካልሆነ ሽማግሌ ላኪበት። ሽማግሌ እናንተን ያስታርቃል፤ የአባትሽን ፈቃድ ግን ሽማግሌም አይሰጥልሽም።

ጠበቃ ዘንድ ስትሄጂ የውክልናውን ዋና ቅጂ፣ የመጀመሪያውን የሆስፒታል ካርድና የጥናቱን ቅጽ አንድ ላይ ያዢ፤ ሦስቱንም ቀኖች ጎን ለጎን ማየት ይፈልጋል። የቤቱን ነገር ደግሞ ለእኔ መልሰሽ አትጻፊልኝ። በር ዘግተሽ ለጠበቃው ከመጀመሪያው ንገሪው።