መልስ፦ ቴሌግራም ላይ የለጠፍኩትን ልቦለድ ለመጽሔት መላክ እችላለሁ?

ብዙ ቦታ አይቀበሉሽም። አብዛኞቹ የእንግሊዝኛ የሥነ ጽሑፍ መጽሔቶች ክፍት ቻናል ላይ የወጣን ሥራ «የታተመ» ብለው ይቆጥሩታል። አሁን ብታጠፊውም ሁሌ አያድንም። ለክፍል ጓደኞችሽ ማንበብሽ ግን ችግር የለውም።

ስለዚህ ያልለጠፍሽውን ላኪ። አድሮይት ጆርናል የሚባለው የአሜሪካ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ለሁለተኛ ደረጃና ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚሰጠው ሽልማት አለ፤ አንቺን ይመለከታል። የኮመንዌልዙ (በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ኅብረት) የአጭር ልቦለድ ውድድር ክፍያ ባይኖረውም ለአባል አገራት ዜጎች ነው፣ ኢትዮጵያ ደግሞ አባል አይደለችም። እሱን እርሺው።

አንድ ነገር ልብ በይ። ያንኑ ሥራ ለብዙ መጽሔት በአንዴ መላክ አብዛኞቹ ይፈቅዳሉ። አንዱ ሲቀበልሽ ግን በዚያው ቀን ለሌሎቹ ጽፈሽ ሥራሽን እንዳያዩት መልሰሽ ውሰጂ። ይህን ካላደረግሽ አዘጋጆች ቂም ይይዛሉ፤ የማውቀው አንዱማ የስም ዝርዝር አለው።