ኮድ ሳልጽፍ ጌም መስራት እችላለሁ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ ስለ ጌም አሰራር ጥያቄ በዝቶብናል። ሦስቱን መርጠን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የምኖር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዊንዶውስ 10 የተጫነበት፣ 4 ጂቢ ራም ያለው ላፕቶፕ አለኝ፤ ቤት ግን ኢንተርኔት የለም። ኮድ አልችልም። ጓደኞቼ ስልካቸው ላይ እንደሚጫወቱት ዓይነት የመኪና ውድድር መስራት እፈልጋለሁ። በምን ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ትችላለህ። ያንን ትልቁን ውድድር ግን ለጊዜው አቆየው። እሱ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ለዓመታት የሚሰራው ነገር ነው። ብቻህን ከዚያ ከተነሳህ ቶሎ ይሰለችህና ላፕቶፑን ዘግተህ ትተወዋለህ፤ እኔ ደግሞ እንድትተወው አልፈልግም። ከላይ ወደ ታች የሚታይ አንድ መንገድ፣ አንዲት መኪና፣ ከፊት የሚመጡ ሦስት አይሱዙዎች። በቃ፣ ይሄ ጌም ነው። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ ካየኸው እሱን ሳለው።

በስክራች ጀምር። አሜሪካ ውስጥ ኤም አይ ቲ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ የተሰራ ሶፍትዌር ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በነጻ ይሰራጫል። ለልጆች ታስቦ የተሰራ መሆኑ አያሳፍርህ፤ እዚያ የምትለምደው አስተሳሰብ የትም ቦታ ይጠቅምሃል። የምትጽፈው ኮድ የለም፣ ባለቀለም ብሎኮችን እየጎተትክ ታገጣጥማለህ። አንዱ ብሎክ «አረንጓዴው ባንዲራ ሲነካ ጀምር» ይላል፣ ሌላው «ሳታቋርጥ ደጋግም»፣ ሌላው «ይሄ ቁልፍ ከተነካ» ይላል።

አሁን አይሱዙውን እንስራው። የስክራች መድረክ ስፋቱ 480፣ ቁመቱ 360 ነው። መሐሉ ዜሮ ነው፤ ወደ ቀኝ እስከ 240፣ ወደ ላይ እስከ 180 ይቆጠራል፣ ወደ ግራና ወደ ታች ደግሞ እስከ -240 እና -180። ሒሳብ ክፍል የተማርከው ኤክስና ዋይ ማለት ነው። አይሱዙውን ከላይ ዋይ 170 ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ በእያንዳንዱ ዙር ዋይን በ5 ትቀንሳለህ፣ -170 ሲደርስ መልሰህ ወደ ላይ ትልከውና ኤክሱን በዘፈቀደ ቁጥር ትቀይረዋለህ፣ ያኔ ቀጥሎ በየትኛው ረድፍ እንደሚመጣ ተጫዋቹ አያውቅም። መኪናህን ከነካ ጌሙ ያልቃል። ካልነካና ካለፈ አንድ ነጥብ ትጨምራለህ። ፍጥነቱ 5 ከሚሆን ነጥብ በጨመረ ቁጥር ቢጨምርስ? ይሄን ራስህ ሞክረው፣ ሆን ብዬ ነው የተውኩልህ።

ኢንተርኔት የለኝም ላልከው፣ ስክራች ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት የሚሰራ አፕ አለው። ዊንዶውስ 10 እና ከዚያ በላይ ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ያንተ ላፕቶፕ ይበቃል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ አንዴ ዳውንሎድ አድርገህ በፍላሽ ይዘኸው ግባ፣ ከዚያ ቤትህ ቁጭ ብለህ መስራት ነው።

ያንን ጌም ስትጨርስ ጂዴቨሎፕ ወደሚባለው የጌም መስሪያ እለፍ። እሱም ነጻ ነው፣ ምንጩም ክፍት ነው (የተሰራበትን ኮድ ማንም ማየት ይችላል)፣ ኮምፒውተር ላይም ይጫናል። እዚያ ሥራው ሁሉ በሁለት ዓምድ ነው፦ በአንዱ ሁኔታው፣ በሌላው ድርጊቱ። «መኪናው ሳንቲም ከነካ» እዚህ፣ «ሳንቲሙን አጥፋ፣ ነጥብ ጨምር» እዚያ። ከስክራች የሚለየው ዋናው ነገር የሰራኸውን የአንድሮይድ አፕ አድርጎ ማውጣት መቻሉ ነው። አፑን የሚያዘጋጀው ኢንተርኔት ላይ ነው፣ በነጻ አካውንት ደግሞ የተወሰነ ቁጥር ያለው አፕ ብቻ ነው እንድታወጣ የሚፈቀድልህ፤ ስለዚህ በየትንሹ ለውጥ አፕ እያወጣህ አትጨርሰው፣ መጀመሪያ ላፕቶፕህ ላይ ደህና አድርገህ ሞክረው። ጎግል ፕሌይ ላይ ላውጣ ካልክ የአንድ ጊዜ ምዝገባው 25 ዶላር ነው። አሁን ስለሱ አትጨነቅ፣ ለጓደኞችህ በቴሌግራም ላክላቸው።

ኮንስትራክት 3 የሚባልም አለ፣ ጥሩ ነው። ግን ነጻው እትም ገደቡ ብዙ ስለሆነ ላንተ አልመክረውም።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነው። በስክራች የመንዝ ጓሳ ጭላዳ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለለች ሣር የምትሰበስብበት ጌም እየሰራሁ ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ የላይ ቀስቱን ይዤ ስቆይ ጭላዳዋ ሰማይ ትወጣለች። አንዳንዴ ደግሞ ድንጋዩ ውስጥ ትገባለች። እባካችሁ!

መልስ፦ እህቴ፣ በጣም ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ጭላዳ ዋና ምግቧ ሣር ስለሆነ ጌምሽ እውነቱንም ይዟል። ችግርሽ ሁሉም ጀማሪ የሚገጥመው ነው፤ ጌምሽ ጭላዳዋ መሬት ላይ ትሁን አየር ላይ ሳያጣራ ነው «ዝለይ» የሚላት።

ሁለት ተለዋዋጭ ፍጠሪ፤ ተለዋዋጭ ማለት የሚቀያየር ቁጥር የሚይዝ ስም ነው። ስማቸውን በአማርኛ መጻፍ ትችያለሽ፦ አንዱን «ፍጥነት»፣ ሌላውን «መሬት» በያቸው። ሳያቋርጥ በሚደጋገመው ብሎክ ውስጥ መጀመሪያ ፍጥነትን በ1 ቀንሺ፣ ከዚያ ዋይን በፍጥነት ልክ ቀይሪ። ስበቱ ይሄው ነው። ቀጥሎ፣ ድንጋዩን ከነካች እስክትለቀው ድረስ አንድ አንድ ነጥብ ወደ ላይ ግፊያት፣ ፍጥነትን ዜሮ አድርጊ፣ መሬትን 1 አድርጊ። ካልነካች መሬት ዜሮ ይሁን። መጨረሻ ላይ፦ የላይ ቀስት ከተነካ *እና* መሬት 1 ከሆነ፣ ፍጥነትን 12 አድርጊ። ያቺ «እና» ናት ያንቺን ጌም የምታድነው። አሁን ቀስቱን ይዘሽ ብትውይ አየር ላይ ድጋሚ አትዘልም።

በ12 ፍጥነት 66 ነጥብ ያህል ከፍ ትላለች፣ ከመድረኩ ቁመት አምስተኛው እንኳ አይሞላም። ድንጋዮችሽን በዚያ ልክ አራርቂያቸው፣ አለበለዚያ ማንም የማይደርስበት ድንጋይ ትሰሪያለሽ። ጭላዳዋ ከድንጋዩ ውስጥ ቀስ እያለች ስትወጣ ከታየሽ፣ ያንን መግፊያ ራስሽ በምትፈጥሪው ብሎክ ውስጥ ክተቺውና «ስክሪን ሳታድስ አስኪድ» የሚለውን ምርጫ ምልክት አድርጊበት፣ ባንዴ ቦታዋን ትይዛለች። አንድ ነገር ይቀራል። ከታች ወደ ላይ ስትዘል በጭንቅላቷ ድንጋዩን ከነካች ይሄ አሰራር ወደ ላይ ይገፋታል። ለአሁኑ ድንጋዮቹን ተደራርበው እንዳይቆሙ አድርጊ፣ የጭንቅላቱን በሌላ ጊዜ ጻፊልንና እንመለስበታለን።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ 10፣ ትንሿ 6 ዓመቷ ነው። ቤት ያለው የኔ ስልክ ብቻ ነው። ልጁ ከጌም አልላቀቅ አለኝ፣ ሰዎች ደግሞ «ይስራው እንጂ አይጫወተው» ይሉኛል። በስልክ ይቻላል? እንግሊዝኛውስ አይከብደውም?

መልስ፦ ይቻላል፣ እመቤቴ። ስክራች ስልክ ላይ ማየት እንጂ መስራት ስለማያመች ለትልቁ ፖኬት ኮድን ይጫኑለት። ኦስትሪያ ግራዝ ውስጥ የተጀመረ ነጻ አፕ ነው፣ እንደ ስክራች በብሎክ ነው የሚሰራው፣ አንድሮይድ ስልክ ላይ ይሄዳል። ለትንሿ ስክራች ጁኒየር ነበር የሚስማማት፤ ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉ የተዘጋጀ ነው፣ ብሎኮቹ ስዕል ስለሆኑ ማንበብ አያስፈልጋትም። እሱ ግን ታብሌት ይፈልጋል። ከዘመድ የሚዋሱት ካለ ይሞክሩት፣ ከሌለ ትቆይ፣ ምንም አይቀርባትም።

ስለ ቋንቋው አይስጉ። የልጁ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ካለ፣ ስክራች ውስጥ ከቋንቋ ምርጫው አማርኛን መምረጥ ይቻላል። ይሄን ለመምህሩ ይንገሩልኝ፣ ብዙ መምህራን መኖሩን አያውቁም።

አንድ ነገር ልጨምር። «ጌም ሰራሁ» ብሎ ሲያመጣልዎት ጎበዝ ብለው አይለፉት፣ ስልኩን ተቀብለው ይጫወቱለት። የት ጋ እንዳስቸገረዎት ይንገሩት፣ እሱን አስተካክሎ እንደገና ያምጣልዎት።