የጭራቅ ፊልም አሠራር፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

በአነስተኛ በጀት ስለሚሠሩ፣ ማጋነን ስለማይፈሩ የጭራቅ ፊልሞች የፈለጋችሁትን ጠይቁ። የኔ ሙያ የጭራቁ አካል ነው፤ ቆዳው፣ ጥርሱ፣ ልጋጉ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የጭራቅ ልብስ ውስጥ የገባ ሰው ለደቂቃም ብቻውን አይተውም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለሞልድ (ቅርጹን ለማባዣ ቅርፊት) ብዬ የመቅረጫ ጭቃው ላይ ያፈሰስኩት ሲሊኮን አልደርቅ አለኝ። ጭቃውን የነካው ገጽ እንደ ማር ይሳባል።

መልስ፦ ጭቃህ ሰልፈር አለበት ማለት ነው፤ ማሸጊያውን እየው። በፕላቲነም የሚጠነክር ሲሊኮን ሰልፈር ከነካው አይጠነክርም። ሳምንት ብትጠብቅም ያው ነው። የላቴክስ ጓንትም እንዲሁ ያበላሸዋል፤ የቫይኒል ጓንት አድርግ። ያለውን ፍቀህ ጣልና ከሰልፈር ነፃ የሆነ ጭቃ ፈልግ። ለሞልዱ ብቻ ከሆነ በቲን (ቆርቆሮ) የሚጠነክር ሲሊኮን ይሆንሃል፤ እሱን ግን ሰው ቆዳ ላይ እንዳታደርግ። ምንጊዜም መጀመሪያ በትንሽ ቁራሽ ሞክር።

ጥያቄ፦ ምን ካሜራ ልግዛ?

መልስ፦ ባለህ ቅረጽ። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ ጭራቁ ከስንተኛው ደቂቃ ጀምሮ ይታይ? አንዳንዱ ደብቁት ይላል፣ አንዳንዱ አሳዩት።

መልስ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ደብቁት የሚሉት እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን የሻርክ ፊልም «ጆውስ»ን ይዘው ነው። የሜካኒኩ ሻርክ ባሕር ውስጥ ሲገባ እየተበላሸ አስቸገረ፤ ዳይሬክተሩ ስፒልበርግም በክንፉ፣ በቢጫ በርሜሎቹና በሙዚቃው ፍርሃቱን ፈጠረ። ልክ ነው። ግን የኛን ዓይነት ፊልም የሚያይ ሰው የመጣው ጭራቁን ሊያይ ነው። ካላሳየኸው ይቀየምሃል። መጀመሪያ ያደረሰውን ጉዳት አሳይ። ቀጥሎ አንድ ጥፍር፣ አንድ እርጥብ ጀርባ። መጨረሻ ላይ ሙሉውን፣ ያለ ስስት።

ሲታይ ደግሞ ከኋላ አብራበት፣ ቆዳውንም አርጥበው። ደረቅ ላቴክስ ካሜራ ፊት ላስቲክ ነው፤ ሲረጥብ ሥጋ ይሆናል። ለልጋግ ሜቲልሴሉሎስ የሚባለውን ማወፈሪያ ዱቄት ተጠቀም። ዱቄቱን ሙቅ ውኃ ውስጥ በትነው፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ጨምርበት፤ ሲቀዘቅዝ ነው የሚወፍረው። ቀጥታ ቀዝቃዛ ውስጥ ከጨመርከው ይጓጉላል። ጥርሶቹ መሃል ቀባውና አፉን ቀስ ብለህ ክፈት። ያ የሚሳበው ቀጭን ክር አንድ ገጽ ንግግር ይተካልሃል። ወለሉን ግን ቶሎ ጥረጉ፤ ክፉኛ ያንሸራትታል።

ሌላ አባል፦ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? ኮምፒውተር አለ አይደል እንዴ።

ሌላ አባል፦ ተው እንጂ! ተዋናይ የሌለ ነገር አይቶ ሲጮህ ያስታውቃል።

ሌላ አባል፦ ቢያስታውቅስ? ሰው የሚያየው ሊስቅ ነው። እንዲያውም ተዋናዮቹ ወደ ካሜራው በዓይናቸው ቢጠቅሱ ደስ ይላል።

መልስ፦ እዚህ ላይ ልግባ። ኮምፒውተሩን አልጠላም፤ ጭራቁን የሚያንቀሳቅሱትን ገመድና ዘንግ ከምስሉ ላይ ለማጥፋት እኔም እጠቀምበታለሁ። ወደ ካሜራ መጥቀሱን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ተዋናዩ ጭራቁን ካላመነ ተመልካቹ ምን ቀረው? ሳቁ የሚመጣው ሰዎቹ ከልባቸው ሲሸሹ ነው። ጭራቁ የፈለገውን ያህል የተጋነነ ይሁን፤ ፍርሃቱ ግን የምር ይሁን። በዚህ አልደራደርም።

ጥያቄ፦ ጥሩ ጭራቅ እንዴት ይሠራል?

መልስ፦ ይሄን እንዴት ልመልሰው? የት ይኖራል? ምን ይበላል? በስንት እግሩ ይሄዳል? እነዚህን ጽፈህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ የትንንሽ ቤቶች ሞዴል ሠርተን ጭራቁ ሲያፈርሳቸው አሻንጉሊት ይመስላሉ።

መልስ፦ ፍጥነቱ ነው ችግሩ። ትንሽ ነገር ቶሎ ይወድቃል፤ ስለዚህ በሰከንድ በብዙ ፍሬም (ምስል) ቀርጸሽ ታዘገይዋለሽ። ሒሳቡ የመጠኑ ስኩዌር ሩት ነው። ሞዴሉ የእውነተኛው 1/4 ከሆነ ፍሬሙን በ2 አባዢ፤ 24 የነበረው 48 ይሆናል። 1/16 ከሆነ በ4፣ ማለትም 96። ውኃ አትጨምሪበት፤ ጠብታ አያንስም፣ ወዲያው ያጋልጥሻል።

ጥያቄ፦ ሲሊኮኔ አልደርቅ አለ፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። ሰልፈር!

ጥያቄ፦ ፊልሙ አልቋል። እንዴት እናውጣው?

መልስ፦ አከፋፋይ አይደለሁም። ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ሙዚቃና ድምፁን ከንግግሩ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ያለዚያ በሌላ ቋንቋ ማስተርጎም መከራ ነው። የጭራቁን ቅርጽ ከሠራው ሰው ጀምሮ ሁሉም የመብት ውል ይፈርም። ሲኒማ ቤት ባይሞላም ተስፋ አትቁረጡ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የጭራቅ ፊልም «ትሬመርስ» ሕዝቡን በደንብ ያገኘው በቪዲዮ ካሴት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስንት ተከታይ ክፍል ተሠራለት።

ጥያቄ፦ ልብሱን የሚለብሰው ልጅ ጎበዝ ነው፣ ሙቀት ይችላል። ረዳት የግድ ነው?

መልስ፦ የግድ ነው! ጎበዝ የሚባለው ነው ቀድሞ የሚወድቀው፤ ደከመኝ ማለት ያፍራል። በየቀረጻው መሃል ጭንቅላቱ ይውለቅ፣ ውኃ ይጠጣ። ውስጥ ሆኖ ስለማይሰማ የእጅ ምልክት ተስማሙ። የልብሱ ፎም (ስፖንጅ) ስለሚቀጣጠል እሳት አጠገቡ አይድረስ። ረዳት ካልተገኘ ቀረጻው ይቅር።

ጥያቄ፦ ጩኸቱስ? የአንበሳ ድምፅ ጫንን፣ ግን አንበሳ ሆነ።

መልስ፦ ሁሉም የሚያውቀው ድምፅ ነዋ። እ.ኤ.አ. በ1954ቱ የጃፓን የጭራቅ ፊልም «ጎጂራ» (ጎድዚላ) ሙዚቃውን የደረሰው አኪራ ኢፉኩቤ ነበር። ጩኸቱ የወጣው የዛፍ ሙጫ በተቀባ የቆዳ ጓንት የኮንትራባስ (ትልቅ ባለክር የሙዚቃ መሣሪያ) ክር በመፈተግ ነው፤ ከዚያ ቅጂው እንዲዘገይ ተደረገ። እናንተም የሚንሲጠጥ በር፣ የሚጎተት ብረት፣ የሚፋተግ ላስቲክ ቅረጹ። አዘግዩት፣ ደራርቡት። አንበሳውን ከፈለጋችሁ ከሥር በስሱ አስገቡት።